ወደ ላይ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ቴሌ ጓሮ፣ ከመሣሪያው ክፍል፣
ማቀዝቀዣው ሲያንኮራፋ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣
አንዲት ፖርት አለች፣ ካርድ ሦስት፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣
ትነሣለች፣ ትወድቃለች፤ እንቅልፍ እሷ ነሣችኝ።

ሐዋሳ ዝናብ ሲጥል፣ ሐይቁ ከሰማይ ሲገጥም፣
የአቶቴ መስመር ይታመማል፤ እስኪያባራ አያገግም።
ጋሽ ዘርጋው ግን ይምላል፦ «ሽቦው ንጹሕ ነው ደሙ፤
አባ ኮዳ ካቢኔው ላይ ቆሞ ነው፣ ኩሱ ነው ሕመሙ።»

እኔ ቁጥር ነው የማነብ።
ርቀቱ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር፣ መዳብ በመዳብ።
የጫጫታ መጠባበቂያ፦ ሦስት ዴሲቤል፣ የሳሳች ክር።
ወደ ታች ስምንት ሜጋ፣ ደራሽ ውሃ፤
ወደ ላይ ጭላጭ፣ በመርፌ ቀዳዳ የሚሾልክ ምስጢር።

ፕሮፋይሉን ማን ቆረጠው? ቤት ሁሉ ሰሚ ነው ብሎ፣
የሚመጣውን ጎዳና፣ የሚሄደውን ቀዳዳ አድርጎ ከፍሎ።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድኩ።
አቤቱታው ላይ ተጽፏል፦ «ደንበኛዋ ስልክ አያነሡም፣ ተደውሎ፣ ተደውሎ።»
በሩን መታሁ። ደገምኩ። ጎረቤት ሳቀብኝ፣
መጥሪያውን እንድጫን በጣቱ አሳየኝ።
ውስጥ ደወል አልጮኸም፤ አምፖል በራ፤
ዱሬቴ ከሲንጀሯ ቀና አለች፣ ከንፈሯ ላይ መርፌ ደርድራ።

ጠመኔ አነሣች። ጥቁር ጨርቅ ዘረጋች። ጻፈች፦

«እህቴ ሆሳዕና ናት። በእጅ ነው የምናወራው።
ዝናብ ሲመጣ እጄ አየር ላይ ይቀራል።
ባለፈው ሐሙስ ‹እናታችን› አልኳት፤ እዚያ ላይ ቆመ።
እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ስታለቅስ ቆየች።
ልላት የነበረው፦ እናታችን መነጽር ገዛች።»

አንብቤ ሳልጨርስ በመዳፏ ጠረገችው፤
ጨርቁ የሰው ሱሪ ነበር፣ ለቅዳሜ የቀጠረችው።

ማታ ተመልሼ ተቀመጥኩ።
ጫጫታ! ያን ቃል ስንቴ ጻፍኩት፣ ስንቴ አነበብኩት፤
ሰምታው ከማታውቅ ሴት ቤት ገብቶ
ዓረፍተ ነገሯን ከወገቡ ሲቆርጠው ገና ዛሬ አየሁት።

ስምንቱን ወደ አራት አወረድኩ።
ሦስቱን ዴሲቤል ወደ ዘጠኝ።
ወደ ላይ፣ አንድ ሙሉ ሜጋ፤ ሽቦው እስከሚችለው ጫፍ ለመንኩት።
ጥቂት መዘግየትም ጨመርኩ፣ ስህተቱ መንገድ ላይ እንዲታረም፤
የዘገየ ቃል ይደርሳል፣ የተሰበረ ግን አይጠገንም።

አለቃዬ ከትከሻዬ በላይ፦
«ፍጥነት ቀንሰህ ነው ቅሬታ የምትዘጋው?»
መልስ አልሰጠሁም።
መሣሪያው ለፕሮፋይሉ ስም ጠየቀኝ፤ ደንቡ ቁጥር ነው፤
አርባ ሰባት አልኩት። ሌላውን ስም በሆዴ ያዝኩ።
ፖርቷን አጥፍቼ አበራሁ።
ቀይ።
ቀይ።
ቢጫ። ትንፋሼን ዋጥኩ።
አረንጓዴ።

ዓርብ ሌሊት ዘነበ፤ ቆርቆሮው ጆሮ ነሣ።
ጋሽ ዘርጋው ጃንጥላ ይዞ አባ ኮዳን ሊያባርር ተነሣ።
ካርድ ሦስት፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ንቅንቅ አላለችም።
ስክሪኑ ላይ፣ ወደ ላይ የሚሄደው መስመር፣
ለወትሮው ጸጉር የሚያህለው፣
እንደ ገመድ ወፍሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ።

ምን እንዳለቻት አላውቅም።
ስለ መነጽሩ ይሆናል።